ለሞዴል ክሬን የኋላ ክብደት ምን ይሻላል? ርካሽ፣ ከባድና ቦታ የማይፈጅ

ጥያቄ (ክሬን11)
ሰላም ለሁላችሁ። ለ11ኛ ክፍል ፊዚክስ ከካርቶንና ከቀጭን እንጨት የግንባታ ክሬን እየሠራን ነው። የፊት ክንዱ 60 ሴንቲሜትር፣ የኋላው 20 ነው። ጫፉ ላይ 500 ግራም ማንሳት አለበት፤ የፊት ክንዱ ራሱ 150 ግራም ይመዝናል። የኋላው ክብደት የሚገባበት ሳጥን ውስጡ 8 በ6.5 በ5 ሴንቲሜትር ነው። በስሌታችን 1,725 ግራም ያስፈልጋል፤ ደረቅ አሸዋ ብንሞላበት ግን 400 ገደማ ብቻ ያዘ። ከአሮጌ የመኪና ባትሪ እርሳስ (የመጻፊያውን አይደለም) አውጥታችሁ አቅልጡ ተባልን። ሌላ ርካሽ ነገር አለ?

መልስ (ሞመንት)
ባትሪውን እንዳትነኩት። አሲዱ ቆዳና ዓይን ያቃጥላል፤ የእርሳሱ ብናኝና ጭስ ደግሞ መርዝ ነው።

ለነገሩ ያን ያህል ክብደትም አያስፈልጋችሁም። 500×60 ሲደመር 150×30 (የክንዱ ክብደት መሃሉ ላይ እንዳለ ስለሚቆጠር)፣ 34,500 ነው፤ ለ20 ሲካፈል 1,725 ይመጣል፤ እስከዚህ ልክ ናችሁ። ግን ይህ የሚመጣጠነው ጭነቱ ጫፉ ላይ ተንጠልጥሎ ሳለ ብቻ ነው። ጭነቱን ስታወርዱ 30,000 ግራም-ሴንቲሜትር ወደ ኋላ ይጎትተውና ክሬኑ በጀርባው ይወድቃል። ስለዚህ የክንዱን ሙሉውን፣ የጭነቱን ግን ግማሹን ብቻ አመጣጥኑ፦ 4,500 ሲደመር 15,000፣ ለ20 ሲካፈል 975 ግራም። ያኔ ባዶውን 15,000 ወደ ኋላ፣ ሲጫን 15,000 ወደ ፊት ያዘነብላል። የቀረውን መሠረቱ ይችለዋል። መሠረቱ 24 በ24 ከሆነ ከመሃል እስከ ጠርዝ 12 ነው፤ 15,000 ለ12 ሲካፈል 1,250 ግራም። መንጠቆው ባዶ ሳለ የክሬኑ ጠቅላላ ክብደት ከዚህ በደንብ ይብለጥ፤ 1,900 ቢደርስ ጥሩ ነው።

የኋላ ክንዱን እንጨት አልቆጠርኩም። መዝኑትና ግማሹን ከ975 ላይ ቀንሱ።

መልስ (ፌሮ ቆራጭ)
በስሌቱ እስማማለሁ፣ አንድ ነገር ግን አለ። 20 የሚባለው እስከ ሳጥኑ መሃል ነው። የሳጥኑን 8 ሴንቲሜትር በክንዱ ርዝመት አድርጋችሁ ጫፉ ላይ ካሰለፋችሁት መሃሉ 16 ላይ ነው የሚወድቀው፤ 975 የነበረው 1,219 ይሆናል። ሳጥኑን ከክንዱ ሥር አንጠልጥሉትና መሃሉን በትክክል ጫፉ ላይ አውሉት።

ለመሙያ ፌሮ ውሰዱ። ሳጥናችሁ 260 ሴንቲሜትር ኩብ ነው፤ 975 ግራም ለማስገባት በሴንቲሜትር ኩብ 3.75 ግራም የሚመዝን ነገር ያስፈልጋል። ኮንክሪት 2.4 ነው፣ ብረት 7.85። ባለ 16 ሚሊሜትር ፌሮ በሜትር 1.58 ኪሎ ስለሚመዝን 6 ሴንቲሜትር ቁራጭ 95 ግራም ገደማ ነው። አስሩ 950 ይሆናል፤ የጎደለውን በብሎን ዳዶ ሙሉ። ከታች 4፣ በመካከላቸው 3፣ ከላይ 3 ብታጋድሟቸው ይገባሉ። ግንባታ ቦታ ቁርጥራጭ አይጠፋም፣ አዲስ አበባ ከሆናችሁ ደግሞ ምናለሽ ተራ አለ። በብረት መጋዝ ሲቆረጥ ጫፉ ይሰላል፤ በሞረድ አለስልሱት። ፌሮ ሁሉ በስሙ ልክ ስለማይመዝን ሚዛን ላይ ሳታወጡ አትመኑ።

ጥያቄ (ክሬን11)
እናመሰግናለን። ዳዶ ብቻ ብንሞላስ? ወይስ ፌሮውን በጀሶ እናጣብቀው?

መልስ (ፌሮ ቆራጭ)
ዳዶ ዝም ብሎ ሲፈስ በግምት ግማሹ ቦታ አየር ነው፤ 975 ቢደርስም ለጥቂት ነው፣ ዋጋውም ከቁርጥራጭ ይበልጣል። ጀሶ አይሆንም፦ ውኃው ካርቶኑን ያላሽቀዋል፣ ብረቱን ያዝገዋል፣ ሲደርቅም ትንሽ ስለሚያብጥ ሳጥኑን ሊተረትረው ይችላል። ፌሮዎቹን በላስቲክ ጥብቅ አድርጋችሁ ጠቅልሉ፣ ክፍተቱን በወረቀት ጥቅጥቅ አድርጉ። ከተንቀሳቀሱ ክንዱ ሲዞርና ሲቆም ክብደቱ ይሸሽና ስሌቱ ይፋለሳል።

መልስ (ሞመንት)
ሳጥኑን በኮላ ብቻ እንዳታንጠለጥሉት። አንድ ኪሎ ሲጎትተው ኮላው ሳይለቅ የካርቶኑ የላይኛው ወረቀት ይላጣል። ከሳጥኑ ሥር ጣውላ አድርጋችሁ ሁለት ረጅም ብሎን ከክንዱ ጋር አሳልፉ፣ ከላይም ከታችም ሮንዴላ አስገቡበት። የብሎኑንና የጣውላውንም ክብደት ከ975 ውስጥ ቁጠሩት።