ጁገል ውስጥ፣ በአንድ ሾት ከሳቅ ወደ ፍርሃት፦ መብራቱ የት ይሁን?

አስቂኝና አስፈሪ የተቀላቀለበት አጭር ፊልም ሐረር ጁገል ውስጥ በማታ እየቀረጽን ነው። ያቃተን አንድ ሾት ነው፤ ሳይቆረጥ 70 ሰከንድ። ልብስ ሰፊው ከመኪና ግርግር (የልብስ ሰፊዎቹ መንገድ) ወጥቶ ጠባብ መንገድ ውስጥ ይገባል። እስከ መታጠፊያው ከራሱ ጋር እየተጨቃጨቀ ያስቃል፤ ከዚያ በኋላ የስፌት መኪና ድምፅ ይከተለዋል፣ የሚሰፋ ሰው ግን የለም። (ጅብ ሆን ብለን ትተናል፤ ሐረር ሲባል ሁሉም የሚጠብቀው እሱን ነው።)

ያለን ሶኒ ኤ7 3፣ 35 ሚሊሜትር ኤፍ 1.8 ሌንስ፣ ጊምባል (ካሜራው እንዳይንቀጠቀጥ የሚይዝ መሣሪያ) እና በባትሪ የሚሠራ 60 ዋት ኤልኢዲ ነው። በሰከንድ 25 ፍሬም፣ ሸተር 1/50 ሰከንድ፤ የመንገዱ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ እንዳይርገበገብ።

ካሜራው ከተዋናዩ ፊት ሆኖ ወደኋላ እየሄደ ነው የሚቀርጸው። ግድግዳው በኖራ የተቀባ ነጭ ስለሆነ ብርሃኑ ከአንዱ ወደ ሌላው እየነጠረ ፊቱን በሁለቱም በኩል ይሞላዋል። ለሳቁ ግሩም ነው፤ ለፍርሃቱ ግን ምንም ጥላ አይኖርም። መብራቱን ስንቀንስ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) ከ6400 ያልፍና ጥቁሩ በነጠብጣብ ይሞላል። ግድግዳው ላይ የሰቀልነው ጥቁር ጨርቅ ካሜራው ሲዞር ይታያል። ከካሜራው ጀርባ ስናበራ የካሜራማኑ ጥላ ተዋናዩ ደረት ላይ ያርፋል። ኤዲቲንግ ላይ ብናጨልመውም ፊቱና ግድግዳው እኩል ነው የሚጨልሙት።

መታጠፊያው ላይ ያለው ቤት ጣሪያ ላይ እንድንወጣ ባለቤቷ ፈቅደውልናል።

ሾቱን ሳንቆርጥ፣ በዚሁ አንድ መብራት፣ መታጠፊያውን ሲያልፍ የፊቱ ግማሽ ጨለማ ውስጥ እንዲገባ መብራቱን የት አስቀምጠን በምን ብንከልለው ይሻላል?