ለሚጥል በሽታ አዲስ ሕክምና የሚያዘጋጅ የድኅረ ዶክትሬት ሥራ ቀርቦልኛል፤ ልቀበል?

ጥያቄ
የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦች፣ በአውሮፓ የኒውሮሳይንስ የዶክትሬት ጥናቴን እያጠናቀቅሁ ሳለ ለንደን ከሚገኝ ቤተ ሙከራ የሁለት ዓመት የድኅረ ዶክትሬት ሥራ ቀርቦልኛል። ሥራው በመድኃኒት አልታገሥ ላለ የሚጥል በሽታ የጂን ሕክምና ማዘጋጀት ሲሆን፣ የፖታሲየም ቻናል (ፖታሲየም ከሕዋስ የሚወጣበትን በር) የሚሠራ ጂን በቫይረስ አማካይነት ወደ ነርቭ ሕዋሳት በማስገባት ከልክ ያለፈ መነሣሣታቸውን ለመግታት ያለመ ነው። በሀገሬ ነባሩና ርካሹ የሚጥል በሽታ መድኃኒት ፌኖባርቢታል እንኳ የማይደርሰው ሕመምተኛ እያለ፣ አንጎል ውስጥ በመርፌ ለሚሰጥ ውድ ሕክምና ዕድሜዬን ላውል ወይ የሚለው ሐሳብ እንቅልፍ ነስቶኛል። ታናሽ ወንድሜን ይህ በሽታ ስለሚጥለው ነገሩ ለእኔ የእንጀራ ጉዳይ ብቻ አይደለም።

መልስ፦ የነርቭ ሐኪም፣ አዲስ አበባ
ለወንድምዎ ፈጣሪ ምሕረቱን ይላክለት። በቡታጅራ አካባቢ ተካሂዶ በ1990 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት ከ1000 ሰዎች አምስቱ ያህል በሽታው እንዳለባቸው አሳይቷል። ከማያቸው ሕመምተኞች ብዙዎቹ ፌኖባርቢታል ሳይቋረጥ ቢያገኙ ይሻላቸዋል፤ ሲሶ ያህሉን ታማሚ ግን በአግባቡ የተመረጡ መድኃኒቶችን በሰዓቱ እየወሰደም በሽታው ይጥለዋል። ልጇን ታቅፋ «ሌላ መድኃኒት የለም ወይ?» ለምትለኝ እናት የምመልሰው አጣለሁ፤ ስለዚህ ሥራው ከእኛ የራቀ ነው አልልም። ፌኖባርቢታልም በ1912 እ.ኤ.አ. ለዚህ በሽታ መሰጠት ሲጀምር አዲስ ነበር። አንድ ነገር ግን ይጠይቁልን፦ ሕክምናው ፌኖባርቢታል በሚወስዱ እንስሳት ላይ ጭምር ይፈተን፤ የእኛ ሕመምተኛ በአብዛኛው ይህን መድኃኒት እየዋጠ የሚኖር ነውና።

መልስ፦ በዚሁ መስክ የምሠራ ተመራማሪ
ከመፈረምዎ በፊት በየትኛው የእንስሳት ሞዴል (በሽታው በእንስሳት ላይ በሚፈጠርበት መንገድ) እንደሚሠሩ በግልጽ ይጠይቁ። ሌላው የሚጥል በሽታ መድኃኒት ፌኒቶይን በ1938 እ.ኤ.አ. ጥቅም ላይ የዋለው ድመቶችን በኤሌክትሪክ በማንፈራገጥ ከተፈተነ በኋላ ነው፤ ከዚያም ወዲህ ብዙ መድኃኒቶች በተመሳሳይ መንገድ ተመርጠዋል። ሆኖም ለቅጽበት እንዲንፈራገጥ የተደረገ ጤናማ አንጎል በሽታው ሥር የሰደደበት አንጎል አይደለም፤ አዳዲስ መድኃኒቶች ቢበዙም መድኃኒት የማይሠራላቸው ታማሚዎች ድርሻ እምብዛም ያልቀነሰው በከፊል በዚህ ይመስለኛል። ስለዚህ የነርቭ ሕዋሳትን ከልክ በላይ በሚያነሣሣው ካይኒክ አሲድ ከታመሙ በኋላ መንፈራገጡ ራሱን ችሎ የሚመጣባቸውን እንስሳት መጠቀማቸውን፣ ኢኢጂውም (የአንጎል የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ ምዝገባው) ለሳምንታት ሳይቋረጥ መመዝገቡንና መዝገቡን የሚያነበው ሰው የትኛው እንስሳ እንደታከመ አለማወቁን ያረጋግጡ። በ2022 እ.ኤ.አ. በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተመራማሪዎች የታተመው፣ ጂኑ ከልክ በላይ በተነሣሡ ሕዋሳት ውስጥ ብቻ እንዲሠራ የሚያደርገው ዘዴ ተስፋ ሰጪ ነው። ሁለት ዓመት ግን አይበቃም፤ የእንስሳት ሙከራ ፈቃድ ማውጣቱም ጊዜ ስለሚወስድ ሦስተኛ ዓመት በጽሑፍ ይጠይቁ።

ጠያቂው
ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ትናንት ጽፌላቸው ካይኒክ አሲድ እንደሚጠቀሙና ኢኢጂውን ለስድስት ሳምንታት እንደሚመዘግቡ ነግረውኛል፤ ሦስተኛው ዓመት ግን በሚጠብቁት የምርምር ገንዘብ ላይ የተንጠለጠለ ነው። የፌኖባርቢታሉን ሐሳብ ሐሙስ በምናደርገው ውይይት አቀርባለሁ። ዶክተር፣ እዚያ ሕመምተኞች በአብዛኛው የሚታዘዝላቸውን መጠን ቢገልጹልኝ ለእንስሳቱ ተመጣጣኙን ለማስላት ይረዳኛል።