«ማንትራ» ማለት ድግምት ነው? የሕንድ ልጆች በቃላቸው ስለሚይዙት ሳንስክሪት

ጥያቄ፣ ከዱባይ

ሰላም ለሁላችሁ። የምሠራው ከሕንድ፣ ከማሃራሽትራ ከመጡ ቤተሰብ ጋር ነው። ሁለት ትንንሽ ልጆች አሏቸው። ሲመሻሽ አያታቸው ትንሽዬ የዘይት መብራት ያበራሉ። ልጆቹም እጃቸውን ገጥመው «ሹበም ከሮቲ» ብሎ የሚጀምር ነገር አብረዋቸው ይላሉ። ከመስማት ብዛት እኔም በቃሌ ልይዘው ምንም አልቀረኝ። ትርጉሙን ስጠይቃቸው ግን አያውቁትም። ትልቋ «ማንትራ ነው» አለችኝ። ስልኬ ላይ ባስተረጉመው «ድግምት» አለኝ። ክው አልኩ። ሕፃናት ድግምት ይማራሉ እንዴ? ቋንቋ የምታውቁ እስቲ አብራሩልኝ።

መልስ

እህቴ፣ አይዞሽ። ድግምት አይደለም። እነዚያ ልጆች የሚሉት በጥንታዊው የሕንድ ቋንቋ፣ በሳንስክሪት፣ ለመብራቱ የሚቀርብ የምሽት ጸሎት ነው። ማሃራሽትራ ውስጥ ሳይሰማው ያደገ የሂንዱ ልጅ ማግኘት ይከብዳል። እኔ በፊደላችን እንዲህ እጽፈዋለሁ፦

ሹበም ከሮቲ ከልያነም፣
አሮግየም ደነሰምፐዳ፤
ሸትሩቡዲ ቪናሻየ፣
ዲፐጅዮቲር ነሞስቱ ቴ።

ትርጉሙ ወደዚህ ይጠጋል፦ «መልካሙን፣ ደኅንነቱን፣ ጤናውን፣ የሀብቱን በረከት ታመጣለህ፤ የጠላት ሐሳብ እንዲጠፋ፣ የመብራቱ ብርሃን ሆይ፣ እጅ እነሣሃለሁ።» መጨረሻ ላይ ያለችውን «ነሞስቱ ቴ» ልብ በዪልኝ። ከሕንድ ፊልም ሁላችንም የምናውቃት «ናማስቴ» ከዚችው ቃል ናት። «ነመስ» እጅ መንሣት ነው፣ «ቴ» ደግሞ «ላንተ» ወይም «ላንቺ»። አማርኛ «እጅ ነሣ» የሚል አባባል ስላለው እዚህ ላይ ምንም አልተቸገርንም።

አሁን ወደ ስሙ እንምጣ። የዚህ ዓይነቱ ግጥም ስሙ ሽሎከ ነው፣ ሕንዶች ሲናገሩ «ሽሎክ» ይሉታል። የተለመደው ሽሎክ አራት ስንኝ አለው። እያንዳንዱ ስንኝ ስምንት ቀለም ነው፣ ባጠቃላይ 32። ቁጠሪው፦ ሹ፣ በም፣ ከ፣ ሮ፣ ቲ፣ ከል፣ ያ፣ ነም። ስምንት። የቀሩት ሦስቱም እንደዚሁ ናቸው። ልጆች ቶሎ የሚይዙት ለዚህ ነው። አንድ ቀለም ቢጎድል ጆሮ ወዲያው ይነግራል። 700 ጥቅስ ያለው የሂንዱዎች ቅዱስ መጽሐፍ ባገቫድ ጊታ አብዛኛው የተጻፈው በዚሁ ልክ ነው።

ማንትራ ግን በጥብቅ ትርጉሙ የቬዳ፣ ማለትም የሂንዱዎች ጥንታዊ ቅዱሳት መጻሕፍት፣ ቃል ነው። ትልቋ ልጅ ግን አልተሳሳተችም፣ በየቤቱ ሁሉንም ማንትራ ማለት ተለምዷል። ቃሉ ሁለት ቁራጭ ነው። «መን» ማሰብ ነው፣ «ትረ» ደግሞ መሣሪያን የሚያመለክት ቅጥያ። «ፓ» መጠጣት ከሆነ «ፓትረ» መጠጫ ነው። እንደዚያው «መንትረ» ማሰቢያ ይሆናል። መጥረጊያ፣ መቁረጫ፣ ማሰቢያ። የአማርኛ ሰዋስው ይህን ቃል ለመቀበል ተዘጋጅቶ የጠበቀ ይመስለኛል።

ታዲያ «ድግምት» ከየት መጣ? ከእኛው «ደገመ» ነው። ይህ ግሥ ሁለት መንገድ ሄዷል። እናቶቻችን ዳዊት ይደግማሉ፣ ውዳሴ ማርያም ይደግማሉ፤ ይህ ጸሎት ነው። «ድግምት» የሚለው ስም ግን ወደ አስማቱ ሰፈር ሄዶ እዚያው ቀረ። ለነገሩ ማንትራም በሳንስክሪት ለአስማት የዋለበት ጊዜ አለ፤ አራተኛው ቬዳ፣ አታርቫ ቬዳ፣ በሽታ ማባረሪያና ጠላት መመለሻ ቃላት ሞልተውበታል። ያንን ክፍል ለሚተረጉም ሰው ድግምት ቢል አልፈርድበትም። ማታ መብራት ፊት የቆመች ሕፃን ጸሎት ላይ መለጠፍ ግን በደል ነው። ማንትራን ማንትራ ብለን እንተወው። ሰዎቹ አንድን ማንትራ እየደጋገሙ የሚሉትን «ጀፐ» ግን ያለ ሥጋት «መድገም» እንበለው። የሚይዙትም 108 ዶቃ ያለው መቁጠሪያ ነው፣ ለእሱም ቃሉ አለን።

አስተያየት፣ ከአዲስ አበባ

ቃሉ ገብቶኛል። የማይገባኝ ሌላ ነው። ልጆቹ ትርጉሙን አያውቁም ብላለች እህታችን። የማያውቁትን መሸምደድ ምን ይረባል? ደግሞስ ለምን «ካሮቲ» ሳትል «ከሮቲ» አልክ?

መልስ

ከቀላሉ ልጀምር። ሳንስክሪት አጭር «አ» እና ረጅም «ኣ» አለው፣ «ኢ» እና «ኡ»ም እንደዚሁ አጭርና ረጅም አላቸው፤ ልዩነቱም ትርጉም ይቀይራል። «ዲነ» ሲያጥር ቀን ነው፣ ዲው ሲረዝም ምስኪን ነው። በላቲን ፊደል ያለ ምልክት ሲጻፍ ሁለቱም አንድ ይመስላሉ። ውጭ የሚያድጉ ልጆች የሚቸገሩበትም አንዱ ይኸው ነው። እኛ ግን ዕድለኞች ነን። የሳንስክሪቱ አጭር «አ» ድምፁ ለግዕዝ (ለመጀመሪያው) ፊደላችን በጣም ቅርብ ነው፣ ረጅሙ ደግሞ ለራብዑ። ስለዚህ «ከ» እና «ካ» ልክ ቦታቸው ይገባሉ። ቃሉ በአጭሩ ከጀመረ «ኧ» አለችልን፦ «ኧሰቶ ማ ሰድ ገመየ»። ይህ ብሪሃዳራንያካ ኡፓኒሻድ ከሚባለው ጥንታዊ ቅዱስ ጽሑፍ የተወሰደና ልጆች በብዛት የሚማሩት ጸሎት ነው፦ ከሐሰት ወደ እውነት ምራኝ፣ ከጨለማ ወደ ብርሃን ምራኝ፣ ከሞት ወደማይሞተው ምራኝ። የ«ኢ» እና የ«ኡ» ርዝመት ግን በፊደላችንም አይታይም። በትንፋሽ የሚወጡት «ብህ» እና «ድህ»ም ይጠፉብናል። ጰ እና ጠን በእነሱ ቦታ እንዳናስገባ አደራ፣ ሌላ ድምፅ ናቸው።

ሽምደዳውን በተመለከተ አልስማማም። ሽምደዳ ለፈተና ነው፣ ፈተናው ሲያልቅ አብሮ ያልቃል። የእነዚህ ልጆች ነገር የእኛ አባቶች «የቃል ትምህርት» የሚሉት ነው። የቆሎ ተማሪ ዳዊትን ሲያነበንብ ግዕዙ ይገባው ነበር? አይገባውም። ትርጉሙ የሚመጣው ኋላ ቅኔ ቤትና መጽሐፍ ቤት ሲገባ ነው። ያን ጊዜ ቃሉ አፉ ውስጥ ስላለ የሚተረጎምለት የራሱ ነገር ነው። ሕንዶች በቃል ለተያዘ ነገር «ከንተስተ» የሚል ቃል አላቸው፣ ጉሮሮ ላይ የቆመ ማለት ነው። አማርኛው ነገሩን ከቃል ጋር ያያይዘዋል፣ እነሱ ከጉሮሮ። ቃሉን ሳገኘው በጣም ነው የወደድኩት።

ድምፁ ለምን ይቀድማል ለሚለው አንድ የቆየ የሳንስክሪት ግጥም መልስ አለው። አባት ልጁን ይመክራል። ልጄ ሆይ፣ ብዙ ባትማር እንኳ ሰዋስው ተማር ይለዋል። ምክንያቱን ሲነግረው «ስቨጀነ» «ሽቨጀነ» እንዳይሆንብህ፣ «ሰከለ» «ሸከለ» እንዳይሆንብህ፣ «ሰክሪት» «ሸክሪት» እንዳይሆንብህ ይላል። ስቨጀነ የገዛ ወገን ነው፤ ሽቨጀነ ግን የውሻ ወገን ነው። ሰከለ ሁሉም፣ ሸከለ ቁራጭ። ሰክሪት አንዴ፣ ሸክሪት እበት። ሰ እና ሸን ያልለየ ልጅ ዘመዶቹን ሲያመሰግን ውሻ ብሎ ሊሰድባቸው ነው። አስተማሪ ሕፃኑን አስቁሞ «እንደገና በል» የሚለው ለዚህ ነው።

በዚያ ላይ ሳንስክሪትን የእናት ቋንቋዬ ብለው ያስመዘገቡ ሰዎች በ2011 የሕንድ ሕዝብ ቆጠራ ከ25 ሺህ በታች ነበሩ፣ ከአንድ ቢሊዮን በላይ ሕዝብ ውስጥ። ለሁሉም ልጅ ማለት ይቻላል ከቤት ሳይሆን በትምህርት የሚገኝ ቋንቋ ነው። ቤት ውስጥ ሂንዲ የሚናገር ልጅ ደግሞ የቃሉን መጨረሻ ይበላል። ሂንዲ «ራመ»ን «ራም»፣ «ዮገ»ን «ዮግ» ይላል። ጸሎቱ ላይ እንዲህ ከዋጠው ስምንቱ ቀለም ሰባት ይሆንበታል፣ ዜማውም ይሰበራል።

አስተያየት፣ ዜማ ቤት ያደጉ አባል

ልጄ፣ ጥሩ ብለሃል። እኛ ዘንድ በግዕዝ ንባብ ተነሽና ወዳቂ፣ ተጣይና ሰያፍ የሚባል የድምፅ አጣጣል አለ። ከየኔታ አፍ ነው የሚወሰደው፣ መጽሐፍ ላይ አይገኝም። እነሱስ የንባብ ሥርዓት አላቸው? ወይስ ደርሶ ማለት ብቻ ነው?

መልስ

አባቴ፣ እንዴት ያለ ሥርዓት! ይህ እርስዎ ያነሡት ነጥብ የነገሩ ሁሉ ልብ ነው። የመብራቱን ሽሎክ ማንም እናት ታስተምረዋለች። የቬዳው ንባብ ግን ሦስት ድምፅ አለው፤ «ኡዳተ» የሚነሣው፣ «ኧኑዳተ» የማይነሣው፣ «ስቨሪተ» ከመነሣት ወደ መውደቅ የሚያልፈው። ከቬዳዎቹ አንዱ በሆነው በሪግ ቬዳ ጽሑፍ ኧኑዳተ ከሥሩ አግድም ሰረዝ ይሰመርለታል፣ ስቨሪተ ከላዩ ቀጥ ያለ ሰረዝ ይደረግለታል። ኡዳተ ምልክት የለውም። ድጓው ላይ ከቃሉ በላይ የሚቀመጠውን ምልክት ለሚያውቅ ሰው ይህ እንግዳ አይሆንበትም። ትምህርቱ ግን እንደ እናንተው ከአፍ ወደ አፍ ነው። በደቡብ ሕንድ በተለመደው አካሄድ መምህሩ አንዴ ይላል፣ ተማሪው ሁለቴ ይመልሳል። በዚያው በደቡብ፣ በኬራላ፣ ናምቡዲሪ በሚባሉት ብራህማኖች (የካህናቱ መደብ) ዘንድ ደግሞ መምህሩ የልጁን ራስ በእጁ ይዞ ከድምፁ ጋር ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ጎን ያንቀሳቅሰዋል። ድምፁ ከጆሮ አልፎ አንገቱ ውስጥ ይገባል። ቃል እንዳይጠፋም ቃላቱን እያጠላለፉ ያነባሉ። አንደኛውን ቃል ሀ፣ ሁለተኛውን ለ ቢሉት «ሀለ፣ ለሀ፣ ሀለ» እያሉ ይቀጥላሉ። ዩኔስኮ ይህን የቬዳ ንባብ ወግ በ2008 በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገቡ አስፍሮታል።

ድምፅ ሲሳሳት ምን እንደሚሆን የሚናገር ታሪክም አላቸው። ትቫሽትሪ የሚባል አምላክ ልጁን የአማልክት ንጉሥ ኢንድራ ገደለበት። ሊበቀል መሥዋዕት አቀረበና «ኢንድረሸትሩ ሆይ፣ እደግ!» ብሎ ተጣራ። የፈለገው «የኢንድራ ገዳይ» ማለት ነበር። ለዚያ ድምፁ መነሣት ያለበት በቃሉ መጨረሻ ላይ ነው። እሱ ግን መጀመሪያውን አነሣው። እንዲያ ሲሆን ቃሉ «ገዳዩ ኢንድራ የሆነ» ይሆናል። ቭሪትራ የሚባለው ፍጥረት ተወለደ፣ እንደተባለውም ኢንድራ ገደለው። አንድ ፊደል አልተቀየረም። እኛም «ገና» ብለን ስንጽፍ በዓሉን ይሁን «ገና ነው» የሚለውን ፊደሉ አይነግረንም፣ ማጥበቅና ማላላቱ ነው የሚለየው። የእነሱ ልጆች ይህን ታሪክ የሚሰሙት ገና ንባብ ላይ እያሉ ነው።

ጥያቄ፣ እንደገና ከዱባይ

እግዜር ይስጥልኝ፣ ብዙ ተማርኩ። ሁለት ነገር ልጨምር። ትልቋ ሴት ናት፣ ጠዋት ደግሞ ጋያትሪ የሚሉትን ትላለች። ይህኛውስ ምንድን ነው? ሁለተኛ፣ «የጠላት ሐሳብ እንዲጠፋ» ያልከው ከነከነኝ። ለልጅ እንዲህ ያለ ይሰጣል?

መልስ

ጋያትሪው እውነተኛ ማንትራ ነው። ከሪግ ቬዳ ሦስተኛ መጽሐፍ፣ መዝሙር 62፣ ቁጥር 10 የተወሰደ ነው። ስሙን ያገኘው ከልኩ ነው፤ ጋያትሪ ሦስት ስንኝ፣ 24 ቀለም ያለው ልክ ነው። የፀሐይ አምላክ የሆነውን የሳቪትሪን ብርሃን እያሰበ «አእምሯችንን ያንቀሳቅስልን» ይላል። በጥንቱ ሥርዓት ለሴት ልጅ አይሰጥም ነበር። ከላይኞቹ ሦስት መደቦች የተወለደ ወንድ ልጅ፣ ለብራህማን በተለምዶ በስምንት ዓመቱ፣ ክር በትከሻው ሲታሠርለት በጆሮው ይነገረው ነበር። ሹድራ (የአራተኛው፣ የታችኛው መደብ ሰው) እና ሴት ቬዳ እንዳይማሩ የሚከለክሉ የሕግ መጻሕፍት ነበሩ። ይህ ብዙ ሰው ያስለቀሰ ክልከላ ነው፣ ቋንቋውን ስወድ ይህን መሸፈን አልፈልግም። በ1875 ዳያናንዳ ሳራስዋቲ የመሠረተው አርያ ሳማጅ የሚባል የሂንዱ ተሐድሶ ማኅበር ቬዳው ለሴቱም ለሁሉም መደብ ክፍት ነው ብሎ አስተማረ። ዛሬ በብዙ ቤት ሴት ልጅ ጋያትሪ ትላለች፣ የማይፈቅዱም አሁንም አሉ። አንቺ ያለሽበት ቤት ፈቅዷል ማለት ነው።

የሁለተኛው ጥያቄሽ መልስ እዚያው ቃሉ ውስጥ ነው። «ሸትሩ» ጠላት፣ «ቡዲ» ሐሳብ። ያቺው ሸትሩ ናት፣ ኢንድረሸትሩ ላይ ያየናት። ሳንስክሪት ሁለት ስም ሲያጣብቅ በመሃል ያለውን ዝምድና ይውጠዋል። ስለዚህ «ሸትሩቡዲ» የጠላቴ ሐሳብ ሊሆን ይችላል። ጠላት የሆነ ሐሳብ፣ ማለትም በራሴ ልብ ውስጥ ያለ ቂምና ክፋትም ሊሆን ይችላል። ሰዋስው ሁለቱንም ይፈቅዳል። ለልጆች የሚያስተምሩ ብዙዎች ሁለተኛውን ይመርጣሉ፣ እኔም ብተረጉም የምመርጠው እሱን ነው። ማታ መብራት ሲበራ ልጅ ቢለምነው የሚያምርበት፣ ቀን ከእህቱ ጋር የተኳረፈበት ሐሳብ እንዲጠፋለት ነው።

ግን የዚያ ቤት ትርጉም የእኔ አይደለም። አያታቸውን ሲመቻቸው ጠይቂያቸው፤ ሸትሩቡዲ የሚሉት የማንን ሐሳብ ነው? የነገሩሽን እዚሁ ጻፊልን።