«ሰክሮ» ነው «ጠጥቶ»? ጎማው ካልዞረስ?

ጠያቂ (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)፦ ሰላም ቤተሰብ። ለአንድ የሰፈር ልጅ የፍርድ ቤት ወረቀት ላነብለት ቁጭ አልኩ። ክሱ በእንግሊዝኛ ዲዩአይ (DUI) የሚሉት ነው። «ሰክሮ ማሽከርከር» ስለው ቱግ አለ። «ጋሼ፣ ሞቅ አለኝ እንጂ መቼ ሰከርኩ? መኪናውም ቆሟል። ቁልፍ ከትቼ ሬዲዮ ነው የከፈትኩት!» ክሱን ትቶ ከአማርኛዬ ጋር ተጣላ። ምን ልበለው?

የሲልቨር ስፕሪንጉ (ሜሪላንድ)፦ ጋሼ፣ በአማርኛው እሱ ልክ ነው። «ሰከረ» የምንለው ሲንገዳገድና ምላሱ ሲተሳሰር ነው። ሕጉ ግን ሞቅታ የሚባል ነገር አያውቅም። ትንፋሹ ተለክቶ የአልኮል መጠኑ 0.08 ካሳየ፣ ገመድ ላይ ቢራመድም ያው ነው። «ጠጥቶ ማሽከርከር» ይበሉት፤ አገር ቤትም የተለመደው እሱ ነው።

ነርሷ፦ «ጠጥቶ»ም ይጎድለዋል። የቨርጂኒያው አንቀጽ የሚያወራው ስለ አልኮል ብቻ አይደለም። በደህና የመንዳት ችሎታውን ካወከበት፣ ሰውየው የወሰደው ማንኛውም መድኃኒት ይገባበታል። «አደንዛዥ ዕፅ» ስንል ደግሞ ሰውን የሚታየው በድብቅ የሚሸጥ ነገር ብቻ ነው። ሐኪም ያዘዘለትን ማስታገሻ ውጦ መኪና የሚያስነሳው፣ እኔን አይመለከትም ይላል። (ዕፅ በግዕዝ ዛፍ ነው። ምን አጠፋ ዛፉ?)

የሲልቨር ስፕሪንጉ፦ ተቀብያለሁ። «ማሽከርከር»ም ጉድ አለበት። ጎማ ካልዞረ ምኑን አሽከረከረው? የቨርጂኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን እ.ኤ.አ. በ2012 በቂ ነው ብሏል፤ የጠጣው ሰው በሕዝብ መንገድ ላይ መሪው ፊት ተቀምጦ ቁልፉ ከገባ መኪናውን እንደያዘ ይቆጠራል። እኛ ጋ ሜሪላንድ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1993 ሞተር አጥፍቶ መኪናው ውስጥ የተኛውን ሰው፣ ተጠለለባት እንጂ አልነዳትም ብለው ለቀውታል። በመሃላችን ያለውን የፖቶማክን ወንዝ ሲሻገሩ ግሱ ይለወጣል ማለት ነው። «ጠጥቶ መሪ መያዝ» ቢባልስ?

አስተርጓሚዋ፦ ወድጄዋለሁ። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ግን «አስገድዶ መድፈር» ነው። «አስገድዶ» ስል ሰሚው ድብደባ፣ ቢላዋ፣ ጩኸት ይፈልጋል። በቨርጂኒያ ሕግ ግን ልጅቷ ከ13 ዓመት በታች ከሆነች፣ «እሺ» አለች አላለች ለውጥ የለውም። ራሷን ስታ የተኛች ሴትም እንዲሁ፤ ማንም እጇን መጠምዘዝ አያስፈልገውም። አንድ አባት «ታዲያ መቼ አስገደዳት?» ብለው ፊት ለፊት ጠይቀውኛል። ቃሉ ነው ያሳሳታቸው፣ አልፈርድባቸውም። «መድፈር»ስ ቢሆን? «ደፋር» ስንል እያሞገስን፣ ያችኑ ሥር ለዚህ መጠቀማችን ሁሌም ይከነክነኛል።

ነርሷ፦ «ያለ ፈቃድ» ብትዪውስ?

አስተርጓሚዋ፦ ሞክሬዋለሁ እህቴ። «ፈቃድ» ሲሉት መንጃ ፈቃድ፣ የዓመት ፈቃድ ይመጣበታል። ይባስ ብሎ በዚያው ዲዩአይ ላይ ሌላ ፈቃድ አለ። በሕዝብ መንገድ መኪና ከያዝክ፣ ስትታሰር ትንፋሽህ እንዲለካ አስቀድመህ እንደፈቀድክ ይቆጠራል። እምቢ ካልክ በቨርጂኒያ ለመጀመሪያ ጊዜም ቢሆን መንጃ ፈቃድህ ለአንድ ዓመት ይታገዳል። አንዱ ጋ አፍህን ሳትከፍት ፈቅደሃል፣ ሌላው ጋ የልጅቷ «እሺ» ራሱ ፈቃድ አይደለም። ለሁለቱም ያለን ቃል ግን አንድ ነው።

ጠያቂ፦ ልጆች፣ ተባረኩ። ዛሬ «ጠጥቶ መሪ መያዝ» አልኩት። ትንሽ አሰበና «እሱስ ይዣለሁ» አለ። ከዚያ «ሬዲዮውስ?» ብሎ ጠየቀኝ። እሱን ለጠበቃህ አልኩት።