ጥቆማ፦ ሳይክል ላይ የሚጫን ስፒከር ራሳችን ብንሠራ ምኑን ከየት እንግዛ?

አዲስ አበባ ውስጥ ከኮሪደር ልማቱ ወዲህ የሳይክል መንገድ ስለበዛ «ሙዚቃ ይዤ ልንዳ፣ ምን ይሻለኛል?» የሚለኝ ሰው በዝቷል። ኢርፎን አልመክርም። የመኪና ጥሩንባ ካልተሰማችሁ አደጋ ነው።

ለራሳችሁ ብቻ የምትሰሙ ከሆነ ለመሥራት አትልፉ፤ ያለቀለት ብሉቱዝ ስፒከር ግዙ። ጄቢኤል ቻርጅ 5 አንድ ኪሎ እንኳ አይሞላም፣ ዝናብም አይበግረውም። ኮፒው ግን ገበያውን ሞልቶታል፤ ከምታውቁት ሱቅ ውሰዱ። ራስን መሥራት የሚያዋጣው በቡድን ለሚነዱ ነው። ለምሳሌ መንገድ ለሰው እሑድ ላይ ከፊትም ከኋላም ያለው እንዲሰማ ለሚፈልግ።

ዋናው ምክሬ ይህ ነው፦ ገንዘባችሁን ስፒከሩ ላይ አውሉት። ብዙ ሰው ዋት ያሳድዳል። በ10 ዋት ብቻ አንደኛው ስፒከር ሰፈር ሲያደምቅ ሌላው ያንሾካሹካል። ልዩነቱ፣ ማለትም ስፒከሩ በእኩል ዋት ምን ያህል እንደሚጮህ፣ በዲሲቤል ይጻፋል። 92 የሆነው በ10 ዋት የሚያወጣውን ድምፅ ለማውጣት 86 የሆነው 40 ዋት ይፈልጋል። ያ ሁሉ ደግሞ ከባትሪያችሁ ነው የሚሄደው። ሜዳ ላይ ድምፅ የሚመልስ ግድግዳ ስለሌለ ባለ 3 ኢንቹ ቤዙ ይጠፋል። ባለ 6 ኢንች የመኪና ስፒከር ውሰዱ።

አዲስ ወይስ ያገለገለ? እኔ ሶማሌ ተራ ሄዳችሁ ከመኪና የወረደ ኦሪጅናል ብትፈልጉ ደስ ይለኛል። የፋብሪካ ስፒከር በትንሽ ኃይል እንዲጮህ ተደርጎ ነው የሚሠራው። ግን ሳትፈትሹ ብር አታውጡ። የስፒከሩን ወረቀት (የሚርገበገበውን ክፍል) በአራት ጣት እኩል ይዛችሁ ቀስ አድርጋችሁ ወደ ውስጥ ግፉት። ከረር ከረር ካለ ውስጡ ያለው የሽቦ ጥቅል ይፋተጋል፣ ተዉት። ጠርዙ ላይ ያለው ጎማ ወይም ስፖንጅ የተሰነጠቀ መሆኑንም እዩ። ከዚያ አንድ የሰዓት ድንጋይ ሁለቱ እግሮች ላይ ነካ አድርጉ፤ «ጠቅ» ካላለ ተቃጥሏል። ሻጩ ይህን ካልፈቀደ ሌላ ሱቅ ሞልቷል።

አምፕሊፋየሩን መርካቶ የኤሌክትሮኒክስ መለዋወጫ ከሚሸጡት ጠይቁ። ከድሮው ቲዲኤ2030 ይልቅ ቲፒኤ3116 የሚባለውን እመርጣለሁ። የድሮው የባትሪውን ግማሽ ያህል ሙቀት አድርጎ ያባክነዋል። ቦርዱ ላይ «50+50 ዋት» ተጽፎ ብታዩ አትደነቁ፤ በ12 ቮልትና በ4 ኦም ስፒከር ከየጎኑ 18 ዋት ገደማ ነው የሚወጣው። ጥሩ ስፒከር ካላችሁ ይበቃል፣ ይተርፋልም። ብሉቱዙን ከዚያው ባትሪ ስታገናኙት «ዚዝ» የሚል ድምፅ ካስቸገራችሁ፣ ቢ0505ኤስ የምትባለውን መስመር የምትለይ ትንሽ ዕቃ መሃል አስገቡ፤ የምትቀበለው 5 ቮልት ስለሆነ ግን የባትሪውን 12 ቮልት አስቀድማችሁ ወደ 5 አውርዱት።

ባትሪ ላይ ሁለት ምርጫ አለ። የዩፒኤስ ባለ 12 ቮልት 7 አምፔር-ሰዓት ባትሪ በየቦታው ይገኛል፣ ግን ከሁለት ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ ከግማሽ በታች ካወረዳችሁት ደግሞ ዕድሜው ያጥራል። የሊትየም ፎስፌት ባትሪ ወደድ ቢልም ለሳይክል እሱን ነው የምመክረው። ከአሮጌ ላፕቶፕ የተፈታ ሴል ርካሽ ነው፤ ሆኖም መቆጣጠሪያ ቦርድና የሚያውቅ እጅ ከሌለ እሳት ያስነሳል። እኔ በፍጹም አልነካውም።

ሳጥኑን በቺፑድ አታሠሩ፤ ይከብዳል፣ ዝናብ ሲነካው ያብጣል። ባለ 9 ሚሊሜትር ኮምፔንሳቶ ይሻላል። አናጺ ዘንድ ከመውሰድ ይልቅ በማሽን ከሚቆርጡት ጋ አስቆርጡና በኮላ ራሳችሁ ግጠሙት። አናጺው ቁም ሣጥን ነው የለመደው፣ ቀዳዳ አይጨንቀውም። እዚህ ግን አየር ማምለጥ የለበትም። ስፒከሩን ገፋ አድርጋችሁ ስትለቁት ቀስ ብሎ ከተመለሰ ታሽጓል፤ ቶሎ ዘሎ ከወጣ ሲሊኮን ጨምሩ።

የኋላ መጫኛው ላይ ዝቅ አድርጋችሁ እሰሩት፤ ከፍ ካለ ኩርባ ላይ ሳይክሉን ያንገዳግደዋል። ከሥሩ አሮጌ ከመነዳሪ ቆርጣችሁ አንጥፉ፣ ኮብልስቶን ላይ ያለውን ንዝረት ይውጣል።

ሳልዳቶሬ የሌላችሁ ሰፈራችሁ ያለ ሬዲዮ ጠጋኝ ጋ ውሰዱት፤ የገመዱ ሥራ ለእሱ ቀላል ነው። አንድ ነገር ብቻ ቆማችሁ አሠሩት፦ 5 አምፔር ፊውዝ፣ ከባትሪው ፖዘቲቭ አጠገብ።