የዮፍታሔ ልጅ በእርግጥ ተሠውታለች? (መሳፍንት 11)

ጥያቄ፦
የእስራኤል አለቃ ዮፍታሔ ከጦርነት በድል ቢመለስ ከቤቱ ወጥቶ የሚቀበለውን ለእግዚአብሔር ሊያቀርብ ተሳለ፤ የተቀበለችው ልጁ ሆነች። ስለዚህ ስእለት ሁለት ትርጓሜ እሰማለሁ። አንዱ ልጁን አቃጥሎ ሠዋት ይላል። ሌላው ለእግዚአብሔር ተለይታ በድንግልና ኖረች ይላል። ከአንድ ምዕራፍ ሁለቱም እንዴት ይወጣሉ? በቁጥር 31 ያለው የዕብራይስጥ ቃል ሌላ ንባብ ይቀበላል ወይ? ልጅቷስ ሞት ከፊቷ ከሆነ ለምን ስለ ድንግልናዋ አለቀሰች? ደግሞ ቁጥር 29 የእግዚአብሔር መንፈስ በላዩ ሆነ ካለ በኋላ እንዲህ ያለ ስእለት መምጣቱ ይከብደኛል።

መልስ 1፦
ነገሩ የተንጠለጠለው በአንዲት የዕብራይስጥ ፊደል ነው፤ በዋው። ከግዕዙ «ወ» ጋር አንድ ናት። አብዛኛውን ጊዜ «እና» ትሆናለች፣ አንዳንዴ ግን «ወይም» ማለት ናት። ዘጸአት 21፥15 በዕብራይስጡ «አባቱንና እናቱን የሚመታ» ይላል፤ ሁለቱንም እስኪመታ ይጠበቃል ያለ ግን የለም። የመካከለኛው ዘመን አይሁዳውያን የመጽሐፍ ቅዱስ ተርጓሚዎች ዮሴፍ ቂምሒና ልጁ ዳዊት ቂምሒ ቁጥር 31ን በዚሁ መንገድ አነበቡት፦ ከቤቴ የሚወጣው ለእግዚአብሔር የተለየ ይሆናል፣ ወይም ለመሥዋዕት የሚገባ ከሆነ ይቃጠላል። ሰው ከወጣ ይለያል፣ በግ ከወጣ ይሠዋል ማለት ነው።

ቁጥር 39ም ይህን ንባብ ያግዛል። ስእለቱን እንደ ፈጸመባት ከተናገረ በኋላ ወዲያው ወንድ አለማወቋን ይጨምራል፤ ተቃጥላ ከሆነ ይህ ምን ያስፈልጋል? ቁጥር 40 ላይ ሴቶቹ በየዓመቱ አራት ቀን የሚያደርጉት «ለታኖት» የሚባለውን ነው። ብዙዎች «ለማልቀስ» ይሉታል። ያው ግሥ ግን በመሳፍንት 5፥11 መተረክ፣ መናገር ነው። ስለዚህ ዳዊት ቂምሒ ሴቶቹ እየሄዱ ያነጋግሯትና ያጽናኗት ነበር ይላል።

መልስ 2፦
ስለ ዋው የተባለው እውነት ነው፤ አንድ ቃል ግን ተዘለለ። ቁጥር 31 «ዖላ» ይላል። ዖላ ከመሠዊያው በእሳት የሚወጣ፣ ሙሉ በሙሉ የሚቃጠል መሥዋዕት ነው። ሐና ሳሙኤልን ስትሳል (1 ሳሙኤል 1፥11) ለእግዚአብሔር እሰጠዋለሁ አለች እንጂ ዖላ አላለችም። መለየትም ጋብቻን አይከለክልም፤ ሳሙኤል ልጆች ነበሩት (8፥1)። የተለየች ሴት ድንግል ሆና ትኑር የሚል ሕግ በኦሪት የለም።

ልቅሶዋም ከሞት ጋር አይጣላም። ሳይወልዱ መሞት ዘር ሳይተዉ መጥፋት ነው። ቁጥር 34 አንድያ ልጁ መሆኗን ተናግሮ፣ መልሶ ከእሷ ሌላ ወንድም ሴትም ልጅ እንዳልነበረው የሚነግረን ለዚህ ይመስለኛል።

ከቂምሒዎቹ በፊት የነበሩትም ያነበቡት እንዲሁ ነው። የአይሁድ ታሪክ ጸሐፊው ዮሴፉስ በ1ኛው መቶ ዘመን አቃጠላት ይላል፤ ወዲያው ግን መሥዋዕቱ ሕጋዊም እግዚአብሔርን ደስ የሚያሰኝም እንዳልነበረ ያክላል። ኋላ የመጣው አይሁዳዊ ተርጓሚ ሙሴ ቤን ናሕማንም (1194–1270 እ.ኤ.አ.) በድንግልና ተለይታ ኖረች የሚለውን የሌላውን አይሁዳዊ ተርጓሚ የኢብን ዕዝራን ትርጓሜ በብርቱ ተቃውሟል።

መልስ 3፦
እኔም ተሠውታለች ከሚሉት ጋር ነኝ። የሚያንገበግበኝ ግን መውጫው ክፍት ሆኖ ሳለ መሞቷ ነው። ዘሌዋውያን 27፥1–8 ሰውን የተሳለ በብር እንዲዋጅ ይፈቅዳል፤ ሴት ከ5 እስከ 20 ዓመት ከሆነች 10 ሰቅል፣ ከ20 እስከ 60 ከሆነች 30 ሰቅል። ተሳዩ ድሃ ከሆነ ካህኑ እንደ አቅሙ ይተምናል። ሰዎች የሚሰናከሉት በዚያው ምዕራፍ ቁጥር 29 ነው፤ እርም የሆነ፣ ማለትም ፈጽሞ ለጥፋት የተለየ ሰው አይዋጅም ይላል። ዮፍታሔ ያደረገው ግን ስእለት ነው እንጂ እርም አይደለም፤ መሳፍንት 11፥30 ቃሉን ለይቶ ጽፎታል። ሙሴ ቤን ናሕማን የዮፍታሔን ስሕተት የሚያገኘው እዚሁ ላይ ነው፦ አለቃ በጦርነት የሚያውጀው እርም የሚጸና ስለሆነ የእኔም ስእለት እንዲሁ ይጸናል ብሎ አሰበ።

የዘፍጥረት ሚድራሽ፣ የጥንት አይሁዳውያን መምህራን የዘፍጥረት ማብራሪያ፣ የበለጠ ይሄዳል። ግመል ወይም አህያ ወይም ውሻ ቢወጣ ኖሮ ልትሠዋው ነበር? ብሎ ይጠይቃል። ረቢ ዮሐናን ዋጋዋን መክፈል ነበረበት ይላል፤ ሌላው መምህር ሬሽ ላቂሽ ግን ብሩም አይገባውም፣ ለመሥዋዕት በማይሆን ነገር የተሳለ ስእለት ከንቱ ነው ይላል። ሚድራሹ እንደሚለው ስእለቱን ሊፈታለት የሚችለው ካህኑ ፊንሐስ ነበር። ካህኑ «እሱ ይምጣ»፣ አለቃው ዮፍታሔም «እሱ ይምጣ» ሲሉ ልጅቷ በመካከል ጠፋች። ሚድራሹ ሁለቱንም ይቀጣቸዋል።

ስለ ቁጥር 29፦ በመሳፍንት መጽሐፍ መንፈሱ የሚመጣው ሰውየውን ለማዳን ሥራ ሊያስነሳው ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚያደርገውን ሁሉ አያጸድቅለትም። በጌዴዎንም ላይ መጥቶ ነበር (6፥34)፤ እሱ ግን በኋላ ለእስራኤል ወጥመድ የሆነውን ኤፉድ ሠራ (8፥27)።

ቁጥር 35ን ደግሞ ቀስ ብላችሁ አንብቡት። ልብሱን ቀድዶ «አስጨነቅሽኝ» የሚላት እሷን ነው። የተሳለው እሱ፣ የተወቀሰችው እሷ። እሷ ግን መልሳ አልወቀሰችውም፤ ሁለት ወር ብቻ ለመነችው። ለፊንሐስ መልእክተኛ ልኮ መልስ ለመቀበል ሁለት ወር ይበቃ ነበር።