ሲጋራ ካቆምኩ 11 ቀን ሆነኝ፤ እጄ ግን ይንቀጠቀጣል

ጠያቂ፦ የሄርማታው ባለሱቅ

ጤና ይስጥልኝ። ለ14 ዓመት በቀን አንድ ፓኮ ገደማ ሳጨስ ቆይቼ ካቆምኩ ዛሬ 11ኛ ቀኔን ይዣለሁ። የምሠራው ጅማ፣ ሄርማታ መርካቶ፣ ጨርቃ ጨርቅ በምንሸጥበት ሱቅ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ጭንቅ ቢሆኑም አልፈዋል። አሁን ያስቸገረኝ ሌላ ነው፦ ልቤ ቶሎ ቶሎ ይመታል፣ ሌሊቱን ስገላበጥ አነጋለሁ፣ ትናንትም ለደንበኛ ሦስት ሜትር አቡጀዲ ስቆርጥ መቀሱ እጄ ላይ ተንቀጥቅጦ ጫፉን አጣመምኩት። ቡና እንደ ወትሮው ጠዋት ሁለት ስኒ ደጅ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ቤት ከአቦል እስከ በረካ እጠጣለሁ። ለመሆኑ ሲጋራ አንጎል ላይ የሚሠራው ነገር ምንድን ነው? እስከ መቼስ እንዲህ እሆናለሁ?

መልስ፦ ፋርማሲስቱ

ወንድሜ፣ እንኳን ለ11ኛው ቀን በቁ። ጭሱ በተሳበ በ20 ሰከንድ ውስጥ ኒኮቲኑ አንጎል ይደርሳል። እዚያም አሴቲልኮሊን ለተባለው፣ ሰውነታችን ራሱ ለሚሠራው መልእክተኛ ኬሚካል የተዘጋጁትን ተቀባዮች ይይዛቸዋል፤ በዚህም የእርካታ ስሜት የሚያመጣው ዶፓሚን የተባለ ኬሚካል ይለቀቃል፣ አንጎልም ድርጊቱን ሊደግመው የሚገባ ነገር አድርጎ ይመዘግበዋል። ተቀባዮቹ ቀን ሙሉ በኒኮቲን ሲጥለቀለቁ ይደነዝዛሉ፤ ቁጥራቸውም ከጊዜ ወደ ጊዜ ይበዛል። የጠዋቷ የመጀመሪያ ፍሬ ከሁሉ የምትጥመው፣ ሌሊት ኒኮቲኑ ከደም ሲቀንስ ተቀባዮቹ ከድንዛዜያቸው ስለሚነቁ ነው። ማጨስ ሲቆም እነዚያ የበዙት ተቀባዮች ባዷቸውን ይቀራሉ፤ ሐራራ የምንለውም ከዚያ ይመጣል። ብስጭቱ በመጀመሪያው ሳምንት በርትቶ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ ይረግባል፤ የተቀባዮቹ ቁጥር ከማያጨስ ሰው ጋር እስኪስተካከል ግን ከ6 እስከ 12 ሳምንት ሊፈጅ ይችላል።

የእጅዎን መንቀጥቀጥ ግን እኔ በኒኮቲን ብቻ አላሳብብም፤ የምጠረጥረው ቡናውን ነው። ትምባሆ ሲቃጠል የሚፈጠሩ ውህዶች (ኒኮቲኑ ራሱ አይደለም) በቡና ውስጥ ያለውን አነቃቂ፣ ካፌይንን፣ ሰባብሮ የሚያስወግደውን የጉበት ፕሮቲን (ኢንዛይም) ያበረቱታል፤ ስለዚህ አጫሽ የጠጣው ቡና ቶሎ ይወጣለታል። ጭሱ ሲቀር ኢንዛይሙ በቀናት ውስጥ ወደ ልኩ ይመለስና፣ አንዲት ስኒ ሳይጨምሩ በደምዎ ውስጥ የሚቆየው ካፌይን እጥፍ ገደማ ሊሆን ይችላል። ልብ መምታት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ መንቀጥቀጥ የካፌይን መብዛት ምልክቶች ናቸው፤ ብዙ ሰው ግን የሲጋራ ሐራራ መስሎት ተመልሶ ያጨሳል። ጅማ ላይ ተቀምጦ ቡና ቀንሱ ማለት ድፍረት ቢሆንም፣ የጠዋቱን ወደ አንድ ስኒ ያውርዱት፤ ከሰዓት በኋላም አቦሉንና ቶናውን አሳልፈው በበረካው ይገናኙ።

ይኸው ኢንዛይም እንደ ቲዮፊሊን፣ ክሎዛፒንና ኦላንዛፒን ያሉ መድኃኒቶችንም ስለሚያስወግድ፣ ከእነዚህ አንዱን የሚወስድ ሰው ማጨስ ማቆሙን ለሐኪሙ ሊነግር ይገባል፤ መጠኑ መቀነስ ሊያስፈልገው ይችላልና። የደረት ሕመም ወይም ራስ መሳት ካለ ደግሞ ቡና በመቀነስ ጊዜ ሳያጠፉ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ።

መልስ፦ ከፈረንጅ አራዳ

በቡናው እስማማለሁ፤ እኔን ሁለቴ የመለሰኝ ግን ጫት ነው። ጠያቂያችን ይቃሙ አይቃሙ አልገለጹም። ካቆምኩ ሁለት ወር ሞልቶኝ፣ ሐራራውም ጠፍቶ፣ ከጓደኞቼ ጋር ለመቃም በተቀመጥኩበት ምርቃናው ሲመጣ እጄ ሳላዘው የሸሚዜን ኪስ ሲዳብስ አገኘሁት፤ ኪሱ ባዶ ነበር፣ የጎረቤቴ ፓኮ ግን ፍራሹ ላይ ነበረች። ተቀባዮቹ ወደ ቁጥራቸው ከተመለሱ ይህ ከየት መጣ?

መልስ፦ ፋርማሲስቱ

ጥሩ ጥያቄ ነው። የተቀባዮች ቁጥር አንድ ነገር ነው፤ አንጎል ሲጋራን ከቦታ፣ ከሰዓትና ከሰው ጋር አቆራኝቶ የተማረው ግን ሌላ ነው፣ እሱም ከቁጥሩ እጅግ ዘግይቶ ይደበዝዛል። በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖንም ዶፓሚንን ስለሚያስለቅቅ፣ ሁለቱን ለዓመታት አብሮ የወሰደ አንጎል አንዱ ሲመጣ ሌላውን ይጠብቃል። ቢያንስ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ከዚያ ፍራሽ መራቅን እመክራለሁ።

ጠያቂ፦ የሄርማታው ባለሱቅ

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ፤ ጫት አልቅምም። ቡናውን ከቀነስኩ ሦስተኛ ቀኔ ሲሆን፣ ትናንት ሌሊት እስከ 10 ሰዓት ሳልነቃ ተኝቻለሁ። እናቴ ግን አቦሉን ስመልስባት «ምን አስቀየምንህ?» ብላ ተቆጥታኛለች፤ የጉበቱን ነገር ለእሷ ማስረዳት ገና ይቀረኛል።